የተረጋጋ ታካሚ፣ 156 ምት፣ ሰፊ ኪውአርኤስ፦ ቪቲ ነው ኤስቪቲ?

ተረኛው

ሰላም ባልደረቦቼ። አንድ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ንድፍ) ይዤ መጥቻለሁ። ጥያቄው ቪቲ (ከታችኛው የልብ ክፍል፣ ከቬንትሪክል የሚነሳ ፈጣን ምት) ነው ወይስ ኤስቪቲ (ከቬንትሪክል በላይ፣ ለምሳሌ ከላይኛው ክፍል ከኤትሪያ የሚነሳ) የሚል ነው። እኛ ጋ ተረኛው ሁሉ አይቶት ሦስት ቦታ ተከፍለናል። ምስሉን መለጠፍ ስለማይፈቀድልኝ በቃላት ልሳለው።

ታካሚው በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት ሃርት አታክ ነበረው። ዛሬ «ልቤ ትር ትር ይልብኛል» ብሎ መጣ። ቁጭ ብሎ ያወራል። አላላበውም፣ ደረቱንም አያመውም። የደም ግፊቱ 118/74 ነው።

ኢሲጂው እንዲህ ነው። ምቱ በደቂቃ 156፣ ከምት እስከ ምት ያለው ርቀት እኩል። ኪውአርኤሱ (ቬንትሪክሉ ሲቀሰቀስ የሚሳለው ትልቁ ሞገድ) 150 ሚሊ ሰከንድ ገደማ። ቪ1 (ደረት ላይ ካሉት ሊዶች፣ ማለትም ልብን ከሚያዩ መስመሮች፣ አንዱ) ላይ በአብዛኛው ወደ ታች ስለሚወርድ ሌፍት ባንድል ብራንች ብሎክ (የግራው የኤሌክትሪክ ቅርንጫፍ መዘጋት) ይመስላል። ግልጽ የሆነ ፒ ሞገድ (የኤትሪያ ምልክት) አልታየኝም። ማሽኑ ከላይ «ሳይነስ ታኪካርዲያ፣ ሌፍት ባንድል ብራንች ብሎክ» ብሎ አትሟል፤ ሳይነስ ማለት ልብ ከተለመደው መነሻው ሲመታ ነው።

አንዱ «ግፊቱ ጥሩ ነው፣ ኤስቪቲ ነው፣ ቬራፓሚል እንስጠው» አለ። ሌላው «አዴኖሲን እንስጠው» አለ። ሦስተኛዋ ቪቲ ነው ብላ ድርቅ አለች። እናንተስ?

---

ሊድ_ሁለት

ሃርት አታክ ነበረው ካልክ በኋላ ምኑ ያከራክራል? ቪቲ ነው። ሦስተኛዋን ስሟት።

---

ገና_ተማሪዋ

ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ቪቲ ከሆነ እንዴት ቁጭ ብሎ ያወራል? እኔ በሐሳቤ ያለው ቪቲ ሰውየው ወድቆ፣ ግፊቱ ጠፍቶ ነው።

---

ዶክተር_ካሊፐር

@ገና_ተማሪዋ፣ ይህን ጥያቄ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሲኒየር የሚባል ሰውም ሳይጠይቀው ያልፋል።

ግፊቱን የሚወስነው ምቱ ከየት እንደተነሳ አይደለም። ምን ያህል ይፈጥናል? ጡንቻው ምን ያህል ጉልበት ቀርቶታል? የደም ሥሩስ ይጨብጣል? ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው። ቪቲ ይዞት ለሰዓታት የሚያወራ ታካሚ አለ። ኤስቪቲ ይዞት ራሱን የሚስትም አለ። ስለዚህ «ግፊቱ ጥሩ ስለሆነ ኤስቪቲ ነው» የሚለው ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው።

ሌላው ቁጥሩ ነው። ሰፊ ኪውአርኤስ ይዞ የሚፈጥን ምት ሲመጣ፣ ወረቀቱን ገና ሳታዩት ከአሥር ስምንቱ ገደማ ቪቲ ነው። የቆየ ሃርት አታክ ሲጨመርበት ከአሥር ዘጠኙን ያልፋል። ቅርጽ መመርመር የሚጀመረው ይህን ይዞ ነው። ባዶ ወረቀት ላይ የምንጀምር መምሰል የለበትም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። እኔ ሁልጊዜ የማነሳው አንድ ጥያቄ አለ፦ ኤትሪያው ምን እየሠራ ነው? ኪውአርኤሱ ትልቅ ስለሆነ ዓይን ይይዛል። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው በትንሿ ፒ ሞገድ ላይ ነው። ፒ ጠፋ ማለት ፒ የለም ማለት አይደለም። ኪውአርኤስ ውስጥ ወይም ቲ (ከኪውአርኤስ በኋላ የሚመጣው ሞገድ) ላይ ተደብቃ ይሆናል።

@ተረኛው፣ እንዲህ አድርግ። ረጅሙን ሪትም ስትሪፕ (የአንድ ሊድ ረጅም ንድፍ) ውሰድና ቲ ሞገዶቹን አንድ በአንድ አወዳድር። ሁሉም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አንዷ ሾል ካለች፣ ሌላዋ ጎበጥ ካለች እዚያ የተቀመጠ ነገር አለ። ጉብታ ካገኘህ ነጭ ወረቀት ጠርዙን አስጠግተህ በእስክሪፕቶ ምልክት አድርግ። ቀጣዩን ጉብታ ፈልገህ ርቀቱን ያዝ። ከዚያ ወረቀቱን እያንሸራተትክ ሂድ። ፒዎቹ በራሳቸው ርቀት ከኪውአርኤሱ ጋር ሳይገናኙ ከተራመዱ ኤቪ ዲሶሲዬሽን (የኤትሪያና የቬንትሪክል መለያየት) ነው። ቪቲ ነው፣ ፍርዱ አለቀ ማለት ነው።

ከሌሎቹ ምቶች ጠበብ ያለች፣ ትንሽ ቀደም ብላ የመጣች ምት ካለችም ንገረን። ቪ3ና ቪ4 ላይም አርኤሱን ለካ፤ ከአር መጀመሪያ እስከ ኤስ ጥልቁ ነጥብ። ቪ6 ላይ ኪው (በኪውአርኤሱ መጀመሪያ ወደ ታች የምትወርድ ሞገድ) አለ ወይ?

---

ድንገተኛ_ክፍል

ዶክ ያሉት እንዳለ ሆኖ፣ ይህ ሁሉ ልኬት የሚደረገው ፓዱ (የሾክ መስጫው ተለጣፊ) ታካሚው ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው። የተረጋጋ የሚባለው ሰው ካሊፐር ስትፈልግ ሊከዳህ ይችላል።

---

ሲስተር_ሞኒተር

@ድንገተኛ_ክፍል ትክክል። እኔ የምጨምረው፦ ምቱ ሳይቆም ባለ 12 ሊዱን አንሱ። ግፊቱ እስከያዘ ድረስ። ስንት ጊዜ ነው ሞኒተር ላይ ባለች አንዲት ሊድ ብቻ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ ምቱ ከቆመ በኋላ «ምን ነበር?» ተብሎ የሚጠየቀው። በማግስቱ የልብ ሐኪሙ ሲመጣ የሚያየው ነገር የለም።

ደግሞ ወረቀት ላይ ብቻ አትፍጠጡ። አንገቱን እዩ። ኤትሪያውና ቬንትሪክሉ ተለያይተው ሲሠሩ፣ አንዳንዴ ኤትሪያው የሚጨመቀው በሩ በተዘጋበት ሰዓት ነው። ያኔ የአንገቱ ደም ሥር ላይ ትልቅ ሞገድ ብድግ ይላል። በእያንዳንዱ ምት አይመጣም፤ አልፎ አልፎ ነው። የልብ የመጀመሪያው ድምፅም አንዴ ጠንከር አንዴ ለስለስ ይላል። ስቴቶስኮፕ ያለው ሰው ይህን በግማሽ ደቂቃ ያገኘዋል።

---

ተረኛው

ሁላችሁም ተባረኩ። ለካሁት።

ቪ3 ላይ አርኤሱ 120 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ሦስት ትናንሽ ካሬ። ቪ6 ላይ ትንሽ ኪው አለች፤ መጀመሪያ ዘልያት ነበር። ቪ1 ላይ ወደ ታች የሚወርደው መስመር መሃል ላይ ስንጥቅ አለው።

ሪትም ስትሪፑ ላይ ደግሞ አንዷ ምት ከሌሎቹ ጠበብ ትላለች። ቅርጿ መሃል ሰፋሪ ነው። ከእሷ በፊት ባለችው ቲ ትከሻ ላይ ጉብታ አለ። ያንን ጉብታ ይዤ ወረቀቱን ሳንሸራትት ሌሎች አራት ቦታ ላይ እኩል ርቀት ጠብቆ አገኘሁት። የፒው ፍጥነት 90 አካባቢ ይሆናል። ከኪውአርኤሱ ጋር አይተዋወቁም።

---

ዶክተር_ካሊፐር

በቃ፣ አገኘኸው። ጠበብ ያለችው ፊውዥን ቢት ናት። ከላይ የመጣው ትዕዛዝና ከታች የተነሳው እሳት ቬንትሪክሉን ተካፍለውታል፤ ለዚህ ነው ቅርጿ መሃል ሰፋሪ የሆነው። ሙሉ በሙሉ ከላይ ተይዛ ቢሆን ኖሮ እንደ ጤነኛው ምት ጠባብ ሆና፣ ቀደም ብላም ትመጣ ነበር። እሷን ካፕቸር ቢት እንላታለን።

አርኤሱ ከ100 ሚሊ ሰከንድ ማለፉ እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣው የብሩጋዳ ቪቲን መለያ አራት ደረጃ አንዱ ነው። በሌፍት ባንድል ቅርጽ ውስጥ ቪ6 ላይ ኪው ማግኘትና ቪ1 ላይ የሚወርደው መስመር መሰንጠቁም ወደ ቪቲ የሚያደሉ ናቸው። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ።

ስለ አልጎሪዝም ግን አንድ ነገር ልበል። ብሩጋዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ቬሬኬይ ኤቪአር የተባለውን ሊድ ብቻ የሚያይ ነው፤ ኤቪአር ላይ የመጀመሪያው ሞገድ ትልቅ አር (ወደ ላይ የሚወጣ) ከሆነ ቪቲ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጣችው ዘዴ ደግሞ ሊድ ሁለት ላይ ከኪውአርኤስ መጀመሪያ እስከ መጀመሪያው ጫፍ ያለውን ጊዜ ትለካለች፤ 50 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ከሆነ ቪቲ። ሁሉም ጥሩ ናቸው። ግን መጀመሪያ በወጡበት ጽሑፍ ያሳዩት ትክክለኛነት በሌላ ሰው እጅ ሲሞከር ዝቅ ብሎ ታይቷል። በሚንቀጠቀጥ መስመር ላይ 40ን ከ50 ሚሊ ሰከንድ መለየት ቀልድ አይደለም። ሁለት ሰው አንድ ወረቀት ለክቶ ሁለት መልስ ያመጣል። ፒን አግኝቶ መለያየቱን ማሳየት ግን አያጣላም።

ፒ ካልተገኘስ? ብዙ ቪቲ ላይ ዲሶሲዬሽን አይታይም። አንዳንዴ ምቱ ወደ ኋላ ወደ ኤትሪያ ስለሚወጣ አንድ ለአንድ ይሄዳሉ። ስለዚህ አለመገኘቱ ቪቲን አያስቀርም። ጥርጣሬ ካለ እንደ ቪቲ ይታከማል። ኤስቪቲን ቪቲ ብሎ ማከም ታካሚውን ብዙም አይጎዳውም። ተቃራኒው ግን ሊገድለው ይችላል፤ በተለይ በቬራፓሚል። ግፊቱን ያወርደዋል፣ የደከመውንም ጡንቻ ይብስ ያደክመዋል።

---

ሰርኪዩት

ዶክ፣ ቬራፓሚል ላይ እስማማለሁ። አዴኖሲን ግን ምን አጠፋ? መደበኛ ርቀት፣ አንድ ዓይነት ቅርጽና የተረጋጋ ታካሚ ከሆነ መመሪያዎችም ይፈቅዱታል። ከቆመ ኤስቪቲ ነው፣ ካልቆመ ቪቲ ነው። አለቀ።

---

ዶክተር_ካሊፐር

መስጠቱ ይፈቀዳል፤ ልክ ነህ። «አለቀ» ያልከው ላይ ነው የማልስማማው። ከቬንትሪክል መውጫ መንገድ የሚነሳ አንድ ዓይነት ቪቲ በአዴኖሲን ይቆማል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚይዘው ልባቸው ጤነኛ የሆኑ ወጣቶችን ነው። ከፋሲክል (በቬንትሪክል ውስጥ ካለ የኤሌክትሪክ ቅርንጫፍ) የሚነሳው ደግሞ በቬራፓሚል ይቆማል፤ ኪውአርኤሱም ያን ያህል ስለማይሰፋ ኤስቪቲ መስሎ ያልፋል። መድኃኒት አቆመው ማለት ስሙን ነገረን ማለት አይደለም።

አዴኖሲን ከሰጣችሁ ፓድ ተለጥፎ፣ ማሽኑ እያተመ ይሁን። አንዳንዴ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የኤትሪያ የተዘበራረቀ ምት) ይቀሰቅሳል። ምቱ ባይቆም እንኳ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ኤቪ ኖዱ (ከኤትሪያ ወደ ቬንትሪክል ያለው መተላለፊያ) ሲዘጋ ኤትሪያው ተገልጦ ይታያል። ያቺ ወረቀት ናት ትልቁ ትርፍ። ሳያትሙ አዴኖሲን መስጠት ታካሚውን በከንቱ ማስጨነቅ ነው።

ርቀቱ እኩል ያልሆነ ሰፊ ምት ላይ ግን በጭራሽ!

---

ሊድ_ሁለት

የመጨረሻዋን መስመር አስምሩባት። ሰፊ፣ የተዘበራረቀ፣ በጣም ፈጣን፣ ቅርጹም ከምት ምት የሚለያይ ካያችሁ ደብሊውፒደብሊው (ከኤቪ ኖዱ ውጭ ሌላ የኤሌክትሪክ አቋራጭ) ያለበት ሰው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ይዞት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቦታ አርአር (ከምት እስከ ምት) ርቀቱ ከ250 ሚሊ ሰከንድ በታች ይሆናል፤ ትልቋ ካሬ ከነሩቧ ማለት ነው። ኤቪ ኖዱን የሚዘጋ ነገር ከሰጣችሁት ሁሉም በአቋራጩ መንገድ ሊጎርፍና ወደ ቪኤፍ (ቬንትሪክሉ የሚንቀጠቀጥበት ገዳይ ምት) ሊሄድ ይችላል። አዴኖሲን፣ ቬራፓሚል፣ ቤታ ብሎከር፣ ዲጎክሲን ሁሉም ይቅሩ። በደም ሥር የሚሰጥ አሚዮዳሮንም አይመከርም። ፕሮካይናማይድ ካለ እሱ፣ ከሌለ ወይም ታካሚው ካልተረጋጋ ሾክ።

---

ተረኛው

የኛን ሰውዬ ልንገራችሁ። ፕሮካይናማይድ በእጃችን ስላልነበረ አሚዮዳሮን 150 ሚሊ ግራም በ10 ደቂቃ ሰጠነው፤ ሾኩም ተዘጋጅቶ ነበር። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ምቱ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያነሳነው ኢሲጂ ሳይነስ ነው፤ ኪውአርኤሱ ጠባብ፣ ሊድ ሁለት፣ ሦስትና ኤቪኤፍ ላይ የቆየ ኪው አለው። ባንድል ብሎክ የሚባል ነገር የለም። አሁን የልብ ክፍል ተኝቷል። ዲፊብሪሌተር ስለመትከል እየተነጋገሩ ነው።

---

ድንገተኛ_ክፍል

ጥሩ። ለወደፊቱ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፕሮካሚዮ የተባለ ጥናት የተረጋጋ ሰፊ ታኪካርዲያ ያለባቸው ላይ ሁለቱን መድኃኒቶች አወዳድሮ ነበር። በ40 ደቂቃ ውስጥ ፕሮካይናማይድ 67 በመቶውን፣ አሚዮዳሮን 38 በመቶውን አቆመ። ጥናቱ ትንሽ ነው። ግን ፕሮካይናማይድ ያላችሁ ሰዎች መደርደሪያ ላይ አቧራ አታስጠጡት። ልቡ ክፉኛ የደከመ ወይም ኪውቲው (ከኪውአርኤስ መጀመሪያ እስከ ቲ መጨረሻ ያለው ጊዜ) የረዘመ ከሆነ ግን አይሰጥም።

ደግሞ የድሮ ኢሲጂ መፈለግ እንዳይረሳ። የዚህ ሰው የድሮ ወረቀት ቢገኝ ኖሮ ጠባብ ኪውአርኤስ ስለነበረው «ድሮም ባንድል ብሎክ አለው» የሚለው በሰከንድ ይወድቅ ነበር።

---

ገና_ተማሪዋ

በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ሌላ አለኝ። ማሽኑ ለምን ሳይነስ አለ? ሌላ ጊዜም 150 የሆነ ምት ሁሉ «ሳይነስ ታኪካርዲያ» ይላል። ጠባብም ቢሆን።

---

ሰርኪዩት

ማሽኑ ቲ ላይ ያለች ጉብታን ፒ ብሎ ይቆጥራል፤ ወይ ፒ ያልሆነን ነገር ፒ ያደርጋል። 150 ስታዪ ግን መጀመሪያ ወደ አእምሮሽ ይምጣ የምለው ኤትሪያል ፍላተር ነው። ኤትሪያው በደቂቃ 300 አካባቢ ይሽከረከራል። ኤቪ ኖዱ ከሁለቱ አንዱን ያሳልፋል። 150 ሆነ።

ሳይነስ ይዋዥቃል። ሰውየው ሲተኛ፣ ፈሳሽ ሲሰጠው፣ ትኩሳቱ ሲወርድ ቀስ እያለ ይቀንሳል። ፍላተር ግን አንድ ሰዓት ሙሉ 149፣ 150፣ 150፣ 149 እያለ ይቀመጣል። ሞኒተሩ ላይ የምቱን ግራፍ ክፈቺና እዪው፤ መስመሩ በማስመሪያ የተሰመረ ከሆነ ጠርጥሪ።

ከዚያ ሁለቱ አር መካከል ልክ እኩሌታው ላይ ፒ የምትመስል ነገር ካለች፣ ሌላ ጓደኛዋ ኪውአርኤሱ ውስጥ ተደብቃለች ብለሽ አስቢ። ይህን የቢክስ ሕግ ይሉታል። ሊድ ሁለት፣ ሦስት፣ ኤቪኤፍና ቪ1 ላይ ፈልጊ። እኔ ወረቀቱን ገልብጬ አየዋለሁ፤ ሊድ ሦስት ላይ ወደ ታች የነበረው የመጋዝ ጥርስ ወደ ላይ ሲሆን ዓይኔ ቶሎ ይለየዋል። ሰው ሲያየኝ ይስቃል፣ ይሳቅ።

---

ዶክተር_ካሊፐር

ሰርኪዩት ያለው ላይ አንድ ወጥመድ ልጨምር። ፍሌካይናይድ የሚወስድ ሰው ፍላተሩ ይዘገያል፤ ወደ 200 ሊወርድ ይችላል። ሲዘገይ ኤቪ ኖዱ ሁሉንም ማሳለፍ ይችላል። አንድ ለአንድ ይሆናል። መድኃኒቱ ራሱ ኪውአርኤሱንም ያሰፋዋል። ሰፊ፣ እኩል ርቀት ያለው፣ 200 የሚመታ ምት ይሆንና ቪቲ መስሎ ይመጣል። ለዚህ ነው ፍሌካይናይድ ሲታዘዝ ኤቪ ኖዱን የሚያዘገይ ሌላ መድኃኒት አብሮ የሚሰጠው። የመድኃኒት ዝርዝሩን ጠይቁ።

---

ሲስተር_ሞኒተር

እኔ ስለ ውሸተኛው ቪቲ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ስለሚያስደነግጥ።

ሞኒተሩ ይጮኻል። ስትሪፑን ስታዩት ሰፊ፣ ፈጣን፣ የሚያስፈራ ነው። ታካሚው ጥርሱን እየቦረሸ ነው! ወይም እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። መጀመሪያ የፐልስ ኦክሲሜትሩን ሞገድ እዩ። እሱ በ80 ተረጋግቶ የሚሄድ ከሆነ ልቡ 200 እየመታ ሊሆን አይችልም። ቀጥሎ ወረቀቱ ላይ ቀጫጭን ሹል ነገሮች ፈልጉ፤ በግርግሩ መሃል እኩል ርቀት ጠብቀው የሚያልፉ። እውነተኛዎቹ ኪውአርኤሶች እነሱ ናቸው። ባለ 12 ሊድ ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንዷ ሊድ ንጹሕ ናት። ቀኝ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሊድ አንድና ሁለት ይበላሹበታል፤ ሊድ ሦስት ግን ቀኝ እጅን ስለማትጠቀም ሰላሟን ይዛ ትቀመጣለች።

በዚህ ዓይነት ግርግር አላስፈላጊ መድኃኒት የተሰጣቸው፣ አልፎም ካቴተር የገባባቸው ታካሚዎች በሕክምና መጽሔት ሁሉ ተዘግበዋል። ወደ ታካሚው መሄድ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

---

ሊድ_ሁለት

ሲስተር ልክ ነሽ። ተቃራኒውም አለ፤ ቪቲ የማይመስል የሚገድል ነገር። ኪውአርኤሱ ከልክ በላይ ሰፍቷል፤ 200 ሚሊ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ። ምቱ ግን ብዙ አልፈጠነም፤ 100 ወይም 110 ነው። ፒ የለም። ቲው ከኪውአርኤሱ ጋር ተቀላቅሎ ወደላይ ወደታች የሚል ሞገድ ብቻ ቀርቷል። «ለቪቲ ቀርፋፋ ነው፣ ለሌላው በጣም ሰፊ ነው» ካላችሁ ፖታሲየም ነው ብላችሁ ጀምሩ። ኩላሊቱ የደከመ፣ ዲያሊሲስ ያመለጠው ሰው ከሆነማ ላቦራቶሪውን አትጠብቁ። ካልሲየም በደም ሥር ስጡ። ኪውአርኤሱ በደቂቃዎች ውስጥ ሲጠብ ታዩታላችሁ። እዚህ ላይ አሚዮዳሮን ወይም ሊዶካይን ከሰጣችሁ ልቡ ቀጥ ሊል ይችላል።

ማሽኑ ደግሞ የሾለውን ቲ እንደ ኪውአርኤስ ቆጥሮ ምቱን እጥፍ ሲያደርገው አይቻለሁ። በጣታችሁ ቁጠሩ።

---

ገና_ተማሪዋ

ቀርፋፋው ላይ ከሆንን፦ ከሁለት ፒ አንዷ ብቻ የምታልፍበት፣ ሁለት ለአንድ ብሎክ ሲመጣ ከሁለቱ የብሎክ ዓይነቶች ሞቢትዝ አንድ ነው ሁለት? ሁልጊዜ ይጠይቁናል።

---

ዶክተር_ካሊፐር

ከዚያች ወረቀት ብቻ መልስ የለውም። አስተማሪሽ ቢቆጣም እንደዚያው በይ። ሞቢትዝ አንድ ለማለት ፒአሩ (ከፒ እስከ ኪውአርኤስ ያለው ጊዜ) ሲረዝም ማየት አለብሽ። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ያለፉ ፒዎች ያስፈልጋሉ። ሁለት ለአንድ ላይ ሁለት ተከታታይ የሉም።

የሚያስፈልግሽ ግን ስሙ አይደለም። ብሎኩ ኤቪ ኖድ ላይ ነው ወይስ ከታች? ኪውአርኤሱ ጠባብ፣ ያለፈችው ፒ ፒአሯ ረጅም ከሆነ ወደ ኖዱ ያደላል። ኪውአርኤሱ ሰፊ፣ ፒአሩ ደህና ከሆነ ከታች ነው ብለሽ ተጠንቀቂ። ረጅም ስትሪፕ አትሚ፤ አንድ ቦታ ሦስት ለሁለት ሆኖ ራሱን ያጋልጣል። አትሮፒን (ምት የሚያፋጥን መድኃኒት) ብትሰጪ ኖዱ ላይ ያለው ይሻሻላል። ከታች ያለው ግን ሊብስ ይችላል፤ ከላይ የሚላከው ሲበዛ የሚያልፈው ያንሳል።

ይህን ሁሉ ከማለትሽ በፊት ግን ከፒ እስከ ፒ ለኪ። እውነተኛ ብሎክ ላይ ርቀቱ እኩል ነው ማለት ይቻላል። ያላለፈችው ፒ ቀደም ብላ የመጣች ከሆነ ብሎክ አይደለም። ከኤትሪያ ቀድማ የተነሳች፣ መንገዱ ገና ሳያርፍ ደርሳ የቀረች ምት ናት። ድንገተኛ የምት ክፍተት ሲታይ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሷ ናት። ቲ ላይ ስለምትቀመጥ አትታይም። ከክፍተቱ በፊት ያለውን ቲ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ነው። ፔስሜከር ሊገባለት የተዘጋጀ ሰው በዚህች አንድ ጉብታ ሊተርፍ ይችላል።

---

ተረኛው

ዶክተር፣ ፒ ሙሉ በሙሉ እምቢ ሲል እርስዎ ሉዊስ ሊድ ይጠቀማሉ? ስሙን ሰምቼዋለሁ፣ ሠርቼው አላውቅም።

---

ዶክተር_ካሊፐር

እጠቀማለሁ። ቶማስ ሉዊስ ከመቶ ዓመት በፊት ያመጣት ናት፤ ምንም ተጨማሪ ዕቃ አትፈልግም። የቀኝ እጁን ኤሌክትሮድ ከደረት አጥንቱ የላይኛው ክፍል ላይ አድርገው። የግራ እጁን ከደረት አጥንቱ በስተቀኝ ጠርዝ፣ አራተኛው ወይም አምስተኛው የጎድን ክፍተት ላይ። ከዚያ የምታነበው ሊድ አንድን ነው። ሁለቱ ኤሌክትሮዶች ቀኙን ኤትሪያ መሃል ስለሚያስገቡት ፒ ትጎላለች። ቁመቱን ከ10 ወደ 20 ሚሊ ሜትር በሚሊ ቮልት ከፍ አድርገው። ፍጥነቱንም ከ25 ወደ 50 ሚሊ ሜትር በሰከንድ ብትቀይረው ቲውና ፒው ይላቀቃሉ። ሁልጊዜ ይሠራል አልልህም፤ ሲሠራ ግን ደስ ይላል።

---

ሲስተር_ሞኒተር

ዶክተር፣ ከይቅርታ ጋር፣ አንድ ነገር ይጨመርበት። ኤሌክትሮድ እንደተነሳ፣ ፍጥነትና ቁመት እንደተቀየረ ወረቀቱ ላይ በእጅ ይጻፍ። አለበለዚያ የሚቀጥለው ተረኛ ፋይሉ ውስጥ አግኝቶ ምቱን በግማሽ ያነበዋል፣ ኪውአርኤሱንም «ሰፊ ነው» ይላል። ማሽኑም ወደ 25ና ወደ 10 ይመለስ። እኔ ጠዋት ስረከብ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

---

ተረኛው

ገባኝ ሲስተር። የኛ ማሽን ላይ አሁኑኑ ሄጄ አያለሁ፤ ማታ 50 ላይ አድርገነው ነበር።